አንድ ጎጆ በሁለት ጎራ
የፖለቲካ ግጭት የተራውን ቤተሰብ ከየት በኩል ይሰነጥቀዋል?

ስለ አገራችን የእርስ በርስ ጦርነቶች እስካሁን የተጻፈውን ስንመረምር፣ አብዛኛው ስለ ግንባር፣ ስለ አዛዦችና ስለ ድርጅቶች የሚያትት ሆኖ እናገኘዋለን። ማን የትኛውን ከተማ መቼ እንደያዘ፣ ማን እንደለቀቀ፣ የትኛው ድርጅት ከየትኛው እንደተነጠለ በቀንና በወር ተመዝግቧል። ይህ አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ጦርነቱ በአንድ ተራ ቤት ውስጥ፣ በአንድ መሶብ ዙሪያ በተቀመጡ ሰዎች መካከል ምን እንደሠራ የሚጠይቅ ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ እናነሣለን። የምናነሣውም በጥቅሉ ሳይሆን በአንድ በተወሰነ አካባቢ፣ ማለትም በስሜን ተራሮች ወገብና ግርጌ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በጊች ተጨባጭ ሁኔታ ላይ ተመሥርተን ነው። ጉዳዩ የቀበሌ ማኅበር አባል የሆነውንና በፋብሪካ የሚሠራውን አንባቢያችንን ለምን በቀጥታ እንደሚመለከተው ወደ በኋላ ግልጽ ይሆናል።

ደባርቅ ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ዳባት ከእርሷ ቀደም ብላ በዚያው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከደባርቅ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርድና በዛሪማና በአዲ አርቃይ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ይዘልቃል። ከትግራይ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ትግራይ የሚንቀሳቀስ ጦር ይህን በር ሳይመኝ የቀረበት ዘመን የለም ለማለት ይቻላል። ጊች ደግሞ ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አምባ ላይ ገብስ እየዘራና በግ እያረባ የኖረ፣ አብዛኛው ነዋሪው ሙስሊም የሆነ መንደር ነበር። የደጋው ሰው ከቆላው፣ ከተከዜ ወዲህ ያለው ከተከዜ ወዲያ ካለው ጋር ለብዙ ትውልድ ሲገበያይና ሲጋባ ኖሯል። እንግዲህ በዚህ አገር አንድ ድንበር ሲሰመር፣ መስመሩ የሚያልፈው በወንዝ ላይ ሳይሆን በቤት ውስጥ ነው።

ቤተሰብ በፖለቲካ ለምን ይከፈላል ቢባል የተለመደው መልስ «ልጆቹ ከትምህርት ቤት የተለያየ ሐሳብ ይዘው መጡ» የሚል ነው። ይህን መልስ ሙሉ በሙሉ አንቀበለውም። የሐሳብ ልዩነት ብቻውን ቤት አያፈርስም። አባትና ልጅ በሃይማኖት ጾም ሳይስማሙ፣ ወንድማማቾች በውርስ እየተካሰሱ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። ቤቱ የሚሰነጠቀው ከውጭ የመጣ ኃይል፣ መንግሥትም ይሁን ድርጅት፣ በሩን አንኳኩቶ «ይህ ቤት የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅና አንድ ስም ብቻ እንዲሰጠው ሲያስገድድ ነው። ቤተሰብ በባሕርዩ ብዙ ስም ያለው ነገር ነው። አንድ ስም ብቻ ስጥ ሲባል ሌሎቹን መካድ ይኖርበታል።

ይህን ከመሠረቱ ለማየት ከመሬት መጀመር ግድ ይላል።

በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት የነበረው የርስት ሥርዓት ከደቡቡ የጭሰኝነት ሥርዓት በእጅጉ የተለየ ነበር። አንድ ገበሬ በአባቱም በእናቱም በኩል ከርስቱ አቅኚ መወለዱን ቆጥሮ መሬት ሊጠይቅ ይችል ነበር። ስለዚህም ርስት የዝምድና ማሠሪያ የሆነውን ያህል የሙግት ምንጭም ነበር። ወንድም ለወንድሙ የእርሻ ባልንጀራውም የችሎት ባላጋራውም ነበር። ይህ ቅራኔ ግን የራሱ መፍቻ ነበረው። ሽማግሌ ነበረ፣ ዳኛ ነበረ፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ ነበረ። ዛሬ የተረታ ነገ በእናቱ በኩል ይመጣል። ሩቅ አገር የሄደውም ተመልሶ «ድርሻዬን» ማለት ይችላል። በሩ ፈጽሞ አይዘጋም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የአገሪቱን የመሬት ከበርቴ ሥርዓት ገርስሷል። በደቡብ ለነበረው ጭሰኛ ምን ያህል ታላቅ ለውጥ እንደነበረ ደግሞ ደጋግሞ ተነግሯል፤ እውነትም ነው። በርስት አገር ግን አዋጁ ሌላ ነገር ሠራ። ገበሬው በእጁ ያለውንና የሚያርሰውን መሬት ይዞ እንዲቆይ አደረገ፤ ከዚያ ውጭ የነበረውን የዘር ጥያቄ ሁሉ ዘጋ። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ያለውን ውጤት እንመልከት። አባቱ ጎጆ አጠገብ ቀርቶ ሲያርስ የነበረው ወንድም በገበሬ ማኅበር መዝገብ ባለይዞታ ሆኖ ተጻፈ። ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የወረደው፣ ወይም በጎንደር ከተማ በቀን ሥራ የሚተዳደረው ወንድም አልተጻፈም። ማንም በክፋት አላደረገውም። አዋጁ አንደኛውን ወንድም የለውጡ ደጋፊ፣ ሌላውን ቅር የተሰኘ ሰው አድርጎ ያስቀመጣቸው ሁለቱም ስለ ፖለቲካ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ነው።

ይህ ቁርሾ ባዶ ሜዳ ላይ አልቀረም። የቀድሞው የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ጄኔራል ነጋ ተገኝና የትግራዩ ገዢ የነበሩት ራስ መንገሻ ሥዩም የሚመሩት የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት፣ ሕዝቡ ኢዲዩ የሚለው፣ ከሱዳን ድንበር ተነሥቶ በ1969 ዓ.ም. መተማንና ሁመራን ያዘ፤ ውጊያውም እስከ ደባርቅና ዳባት ደረሰ። የኢዲዩ መሪዎች ባላባቶችና መኳንንት መሆናቸው አከራካሪ አይደለም። ነገር ግን ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ ባላባት ነበር ብሎ መደምደም በዚያን ጊዜ የተሠራ ስሕተት ነው። ርስቱ የተዘጋበት፣ የጎበዝ አለቃውን የተከተለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ትደፈራለች የተባለ፣ ጥቂት እህል ብቻ የነበረው ገበሬም በመካከሉ ነበር። «አድኃሪ» የሚለው አንድ ቃል ራሱንና ገበሬውን እኩል ሸፈናቸው።

እዚህ ላይ ለአብነት ያህል አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ይህ ቤተሰብ ስም ያለው አንድ የተወሰነ ቤት አይደለም፤ በዚያ ዘመን በዳባትና በደባርቅ ደጋ ላይ ሊኖር የሚችለውን የሚወክል ነው። አባትና እናት፣ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ። አንዲቱ ልጅ ከተከዜ ማዶ ተድራለች። የበኩር ልጅ የአባቱን ማሳ ያርሳል፤ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም የጥበቃ አባል ሆኗል። ሁለተኛው ጎንደር ወርዶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ይከታተላል። ሦስተኛው ገና እረኛ ነው። የእናትየው ወንድም፣ ማለትም የልጆቹ አጎት፣ ባለ ብዙ ርስት ባይሆንም ባለ ብዙ ሙግት ሰው ነበር። አዋጁ ሙግቱን ሁሉ ሲዘጋበት ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ።

የበኩር ልጁ ምን ምርጫ ነበረው? ኢዲዩ በቀረበ ጊዜ የገበሬ ማኅበር መሪዎች የመጀመሪያ ዒላማ ነበሩ። ራሱን ለመከላከል ሚሊሺያ መሆን ነበረበት። በዚያው ዓመት በታጠቅ ጦር ሠፈር የሠለጠነው የገበሬ ሠራዊት ሰኔ 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አብዮት አደባባይ ሲሰለፍ፣ በሺሕ የሚቆጠሩት እነዚያ ገበሬዎች ስለ ምሥራቅና ስለ ሰሜን ግንባር ከመስማታቸው በፊት ብዙዎቹ የገዛ አጎታቸውን ወይም የአማታቸውን ልጅ የሚዋጉ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ስለ ሚሊሺያው ጀግንነት በጊዜው ብዙ ተብሏል። ስለዚህ እውቀቱ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ሁለተኛው ልጅ የተጓዘበት መንገድ ሌላ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። መሬት ለአራሹ ብሎ በከተማ የጮኸው ወጣት ገበሬውን በዓይኑ አየ፤ ገበሬውም የተማረውን ልጅ አየ። ከዘመቻው የተመለሰው ተማሪ ግማሹ ወታደራዊውን መንግሥት በሂስ መደገፍ ይገባል ከሚለው ከመኢሶን ጋር፣ ግማሹ ደግሞ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ከሚለው ከኢሕአፓ ጋር ቆመ። ሁለቱም ድርጅቶች ያነበቡት መጽሐፍ አንድ፣ የወጡበት የተማሪ ንቅናቄ አንድ፣ ብዙ ጊዜም የተኙበት አልጋ ጭምር አንድ ነበር። ውጭ አገር በነበሩት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበራት ይደረግ የነበረው ክርክር በወረቀት ላይ ሳለ ጉባኤ ከመክፈል አላለፈም ነበር። አዲስ አበባና ጎንደር ሲገባ ጥይት ሆነ።

የእኛ ተማሪ ኢሕአፓ ሆነ እንበል። ወንድሙ ሚሊሺያ ነው፤ አጎቱ ኢዲዩ ነው። ኢሕአፓ ኢዲዩን ይጠላል፤ ኢዲዩ ሁለቱንም ይጠላል፤ መንግሥት አጎትንና ተማሪውን በአንድ ከረጢት ከቶ ፀረ አብዮት ይላቸዋል። የእናትየውን ሁኔታ አንባቢ ራሱ ይገምተው። እርሷ ለሦስቱም ስንቅ ቋጥራለች።

አሁን ወደ ቀበሌው እንመጣለን፤ ከባዱ ነገር እዚህ ነውና።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ሲያቋቁም የሰጣቸው ተግባር ሰላማዊ ነበር። እስከ አንድ መቶ ብር የሚደርስ የቤት ኪራይ እንዲሰበስቡ፣ በገንዘቡም መንገድና ትምህርት ቤት እንዲያሠሩ፣ በትንንሽ ጉዳዮች ጎረቤትን ከጎረቤት እንዲዳኙ ነበር። ይህን ለማድረግ መዝገብ ያስፈልጋል። በየቤቱ ማን እንደሚኖር፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ ማን እንደመጣና ማን እንደሄደ የሚያሳይ መዝገብ። መዝገቡ በራሱ ክፉ ነገር አልነበረም። ስኳርና ዘይት የታደለውም በእርሱ ነው። በ1969 ዓ.ም. ግን፣ በአንድ በኩል ኢሕአፓ የቀበሌ ሹማምንትንና የመኢሶን ካድሬዎችን በከተማ ሲገድል፣ በሌላ በኩል መንግሥት ሚያዝያ 9 ቀን በአብዮት አደባባይ ቀይ ቀለም የሞላባቸው ጠርሙሶች እየተሰበሩ ቀይ ሽብርን ሲያውጅ፣ ያ የስኳር መዝገብ ሌላ ሥራ ተሰጠው። አብዮት ጥበቃው የትኛው ቤት ወጣት ልጅ እንዳለው፣ የትኛው ልጅ ከቤት እንደጠፋ ለማወቅ ሰላይ አላስፈለገውም። መዝገቡን መግለጥ በቃው።

በጎንደር ክፍለ ሀገር በመላኩ ተፈራ የአስተዳዳሪነት ዘመን የተፈጸመው ግድያ የከተማይቱን አንድ ትውልድ አሳጥቷታል። ነገር ግን አንድ የክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ብቻውን ልጅን ከእናቱ ቤት ሊያወጣ አይችልም። የቤቱን በር የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ደግሞ በሠርግ ላይ የበላ፣ በእድር አንድ ድንኳን የሚተክል፣ ብዙ ጊዜም ክፉ ሰው ያልነበረ ጎረቤት ነው። ፈርቶ የጠቆመ አለ፤ አምኖ የጠቆመ አለ፤ የራሱን ልጅ ለማትረፍ የሌላውን የጠቆመም አለ። አባት ልጁን ራሱ ይዞ ለቀበሌው ያስረከበበት አጋጣሚም ነበር፤ «እጁን ከሰጠ ይማራል» ተብሎ ተነግሮት ነበርና። የአስከሬን ላይ ጽሑፍ፣ ዘመድ እንዳያለቅስ መከልከሉ፣ ለመቀበር ሲባል ለጥይቱ ዋጋ መከፈሉ፣ ይህ ሁሉ በተለያዩ ምስክሮች የተረጋገጠ ነው።

ስለ ለቅሶው ጥቂት እንቆይ፤ የቤተሰቡ ስንጥቅ የተጣበቀው ወይም ለዘለቄታው ክፍት የቀረው እዚያ ነውና። በእኛ አገር ሰው ሞተ የሚባለው መርዶ ሲነገር ነው። ሽማግሌዎች ጎሕ ሳይቀድ መጥተው ደጃፍ ይቆማሉ፤ ድንኳን ይተከላል፤ አርባ ይወጣል፤ ተዝካር ይደገሳል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ባላጋራን ጭምር የሚያስታርቅ ነው። የተጣላ ወንድም ለቅሶ ካልደረሰ ሰው አይባልም። አሁን በአብነት የወሰድነውን ቤት እንመልከት። ሚሊሺያው በኤርትራ ግንባር ወድቆ ቢሆን መርዶው በጊዜው አልተነገረም፤ የጦርነቱ ጉዳት ምሥጢር ነበርና። ተማሪው በጎንደር ተገድሎ ቢሆን ለቅሶው ተከለከለ። አጎት በቆላ ቀርቶ ቢሆን «ሽፍታ» ተብሎ ስሙን መጥራት አስፈራ። ሦስት ሰው የጎደለበት ቤት አንድም ድንኳን አልተተከለበትም። ለቅሶ ያልተደረገለት ሞት ዕርቅ የሚፈጠርበትን ቦታ ይዘጋል። ሚስት ባል ይመጣል እያለች ትጠብቃለች፤ ወንድም በወንድሙ ሞት ጎረቤቱን ሳይጠይቅ እያየው ያረጃል።

ሦስተኛው ልጅ እረኛ ሆኖ አልቀረም። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነውን ወጣት ለሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር። የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ኮታ ይሰጠዋል፤ ኮታውን ለመሙላት መዝገቡን ይገልጣል። እንደገና መዝገብ! ብዙ ልጅ ያለው ቤት ይሰጣል። ሁለት ልጅ ያጣው ቤት ግን በመዝገቡ ላይ ገና ሦስት ወንዶች አሉት፤ ያልተረዳ ሞት ከመዝገብ አይሰረዝምና። ከዚህ የሸሸ ወጣት የሚሄድበት አላጣም። ከኢሕአፓ ሠራዊት የተነጠሉት ታጋዮች ኅዳር 1973 ዓ.ም. ኢሕዴንን መሥርተው ከሕወሓት ጎን ቆመው ነበር። ኢሕአፓም በጎንደር ቆላማ አካባቢዎች ጠመንጃውን አላስቀመጠም ነበር። ሽሬ በየካቲት 1981 ዓ.ም. በሕወሓት እጅ ከወደቀች በኋላ ጦርነቱ ወደ ሊማሊሞ ተጠጋ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጠባቂዎች ከዚያ በፊት ጥለው ሄደው ነበር። የካቲት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ ቴዎድሮስ ጎንደርን ከደርግ እጅ ሲያወጣ፣ በአንድ በኩል ተማርኮ የመጣውና በሌላ በኩል ድል አድርጎ የመጣው ወታደር የአንድ አጥቢያ ልጆች የሆኑበት ሁኔታ ብርቅ አልነበረም።

ይህ የስሜን ብቻ ወይም የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ ነው የሚል ካለ፣ በሌላው የዓለም ዳርቻ ያለችውን አየርላንድን ይመልከት። አየርላንዳውያን ከእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ጋር ተዋግተው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 1921 የስምምነት ውል ፈረሙ። ውሉ የራስ አስተዳደር ሰጣቸው፤ ነገር ግን ለእንግሊዝ ንጉሥ የታማኝነት መሐላ ይጠይቅ ነበር። ምክር ቤታቸው 64 ለ57 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። በሰባት ድምፅ ልዩነት አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ በ1922 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ።

በኮርክ አውራጃ በባንደን ከተማ አቅራቢያ ሄልስ የሚባል የገበሬ ቤተሰብ ነበር። ልጆቹ ቶምና ሾን በአንድ ብርጌድ ውስጥ እንግሊዞችን ተዋግተዋል፤ ቶም ተይዞ በእንግሊዝ ወታደሮች ተሠቃይቷል። ውሉ ሲመጣ ሾን ደጋፊ፣ ቶም ተቃዋሚ ሆነ። የውሉ ወገን ዋና አዛዥ ማይክል ኮሊንስ ነሐሴ 22 ቀን 1922 በዚያው በኮርክ አውራጃ በደፈጣ ሲገደል፣ ደፈጣውን ከመሩት አንዱ የኮሊንስ የቀድሞ ወዳጅ ቶም ሄልስ ነበር። በታኅሣሥ 7 ደግሞ የምክር ቤት አባል የነበረው ሾን ሄልስ በደብሊን መንገድ ላይ በቶም ወገን ሰዎች ጥይት ተገደለ። በማግስቱ መንግሥት አጸፋውን ለመመለስ አራት እስረኞችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከአራቱ አንዱ ሮሪ ኦኮነር ነበር። ርሸናውን ካጸደቁት ሚኒስትሮች አንዱ ኬቪን ኦሂጊንስ ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወር በፊት ሲያገባ ሚዜው ያው ሮሪ ኦኮነር ነበር። የኦሂጊንስ አባት ከሁለት ወር በኋላ በቤቱ ተገደለ፤ እርሱም ራሱ በ1927 ተገደለ።

ሚዜ ሚዜውን፣ ወንድም የወንድሙን ጓድ። የአየርላንድ ጦርነት አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። ከሁለቱ ወገኖች የተወለዱት ሁለት ፓርቲዎች ግን በአንድ መንግሥት ውስጥ አብረው የተቀመጡት በ2020 ነው፤ ዘጠና ሰባት ዓመት አልፎ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ አየርላንዳዊ የትኛውን ፓርቲ እንደሚመርጥ የሚታወቀው አያቱ በ1922 የት እንደቆመ በመጠየቅ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በምጣኔ ሀብት ፖሊሲ ሁለቱን ፓርቲዎች መለየት አስቸጋሪ ሆኖ ሳለ ነው ይህ የሆነው። የቤተሰብ ስንጥቅ ምክንያቱ ከሞተ በኋላ ለብቻው የሚኖር ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ፣ የቀይ ሽብር ክስ ለዓመታት ታይቶ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሌሎች የደርግ ባለ ሥልጣናት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ተከፍቷል። ፍርዱ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ችሎት የሚዳኘው ከሳሽና ተከሳሽን ነው። ጠቋሚው ጎረቤትና የተጠቆመባት እናት በአንድ እድር ውስጥ ሳይነጋገሩ መቀጠላቸው የማንኛውም ችሎት ጉዳይ አልነበረም። ሙዚየሙም በኢሕአፓ እጅ የተገደለውን የቀበሌ ጸሐፊ ልጅ የት እንዲቆም አላሰበበትም። በግንባር የወደቀው የገበሬ ሚሊሺያ እናትም ከዚያ ግድግዳ ላይ የልጇን ፎቶግራፍ አታገኝም። ይህን የምንለው ገዳይና ተገዳይ እኩል ናቸው ለማለት አይደለም። አንድ ቤት ሦስት ዓይነት ሙት ሊኖረው እንደሚችል፣ ሕዝባዊ መታሰቢያ ግን እስካሁን አንዱን ብቻ የሚጠራ መሆኑን ለማሳየት ነው።

እኛ በዚህ ሙያ ያለን ሰዎችም ከዚህ ነፃ አይደለንም። በዚያ ዘመን እንዲህ ባሉ የጋዜጣ ዓምዶች «አናርኪስት»፣ «ቀልባሽ»፣ «የሕዝብ ጠላት» የሚሉ ቃላት በየቀኑ ይታተሙ ነበር። የእነዚህ ቃላት ጠባይ የሚጠሩት ሰው እናትና ወንድም ያለው እንዳይመስል ማድረግ ነው። ቀበሌ ውስጥ ጠዋት ጋዜጣ የተነበበለት ጥበቃ ማታ የሚሄድበትን ቤት በዚያ ቃል ነበር የሚያውቀው። ቃላቱ ከዘመኑ ጋር አልሞቱም፤ ተለዋወጡ እንጂ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተነሣ በኋላ በሁለቱም ወገን የተፈበረኩትን ስያሜዎች አንባቢ ያስታውሳል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ሊማሊሞን አልፎ ዳባት አካባቢ ደርሶ፣ በጭና ተክለ ሃይማኖት የትግራይ ኃይሎች ሲቪል ገበሬዎችን ሲገድሉ፣ በዚያው ሰሞን ከተከዜ ማዶና ማዶ የተጋቡ ቤተሰቦች አንዳቸው የሌላቸውን ወሬ መስማት አልቻሉም ነበር። ስልክ ተቋርጧል፤ መንገድ ተዘግቷል። ከዚያ ደጋ ወደ ሽሬ የተዳረች ሴት የወንድሟን ደኅንነትም የባሏን ወንድም ደኅንነትም የምትጠይቅበት ሰው አልነበራትም። በፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ። በትግራይ የተዋጊዎቹ መርዶ በይፋ የተነገረውና የሦስት ቀን ሐዘን የታወጀው ግን አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በአንድ ቀን በሺሕ የሚቆጠር ቤት መርዶ ተቀበለ።

ከዚያም በፊት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀስቅሶ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የመንግሥት ኃይሎችና የፋኖ ታጣቂዎች ተዋጉ። በ2013 ዓ.ም. በአንድ ምሽግ አብረው የቆሙ የአንድ አጥቢያ ልጆች፣ አንዱ በሚሊሺያነት ቀርቶ ሌላው ጫካ ገብቶ በተቃራኒ ምሽግ የተገናኙበት ግጭት ነው። የ1969ኙን ቤት ያስታወስነው ለዚህ ነው። የአሁኑ አባት ስንቅ የሚቋጥረው በሁለት ከረጢት ነው።

ስለ ጊች ሳንጠቅስ አናልፍም። ከአምባው ላይ 418 አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ክልል ወጥተው በደባርቅ ከተማ ሠፈሩ። ምክንያቱ ጦርነት ሳይሆን የዋልያና የሣሩ ጥበቃ ነበር። በመዝገብ ተቆጠሩ፤ ለየአባወራው ቦታና ካሣ ተመደበ፤ የገብስ ገበሬ በአንድ ዓመት የከተማ ቀበሌ ነዋሪ ሆነ። ከቤቱ ልጅ የጎደለበት አባወራ በዚያ ቆጠራ ጊዜ የጎደለውን ልጅ አስመዘገበ ወይስ ተወ? ጥያቄው ተራ አልነበረም። 

ዛሬ ጠመንጃ አስቀምጦ የሚመለስ ሰው አለ፤ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽንም አለ። በትግራይ የቀድሞ ተዋጊዎችን የመመለሱ ሥራ በ2017 ዓ.ም. ተጀምሯል። ተመላሹ ከማሠልጠኛው የሚወጣው አንድ ወረቀትና ጥቂት ገንዘብ ይዞ ነው። ወረቀቱን የሚሰጠው ኮሚሽኑ ቢሆንም፣ ነዋሪ ነው ብሎ የሚመዘግበው፣ መታወቂያ የሚሰጠው፣ ወንድሙ በሌላው ወገን የወደቀበት ጎረቤት በሚቀመጥበት ስብሰባ ላይ ስሙን የሚያነበው ግን የቀበሌው ሰው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ቤቱን ያገኛል፤ በቤቱ ሥር ከዓመታት በፊት በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ «የለም» የሚል ቃል ያገኛል። ምን እንደሚጽፍ ቆሞ ያስባል፤ ደጃፉ ላይ ደግሞ እናትየው ቆማለች።